ወንድሜ ከማረሚያ ቤት ሲፈታ የሕክምና ወረቀቱ አብሮት አልወጣም

የሳቢያኗ እህት፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ታናሽ ወንድሜ 4 ዓመት ተፈርዶበት፣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ካሉት ማረሚያ ቤቶች በአንዱ 2 ዓመት ከ8 ወር ቆይቶ፣ ከ11 ቀን በፊት በአመክሮ ተፈታ። ስለ ጥፋቱም ሆነ ስለ ፍርዱ የማነሣው ክርክር የለም፤ ልጠይቃችሁ የመጣሁት ስለ ሕክምናው ነው።

ወንድሜ ከመታሰሩ በፊትም የስኳር ሕመምተኛ ስለነበር ኢንሱሊን ይወጋል። እስር ላይ ሳለ ደግሞ ሳሉ አልለቅ ብሎት ሲመረመር ቲቢ ተገኘበትና መድኃኒት ጀመረ። የክሊኒኩ ባለሙያ በየጠዋቱ መድኃኒቱን ፊታቸው እንዲውጥ ያደርጉት እንደነበር ነግሮኛል፤ ስማቸውን ባላውቀውም እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለዚህ ውስጥ ሕክምና አልነበረም የሚል አቤቱታ የለኝም። አቤቱታዬ በሩን ከወጣ በኋላ ስላለው ነው።

የተፈታው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመፈቻ ወረቀቱንና ልብሱን የያዘበትን ፌስታል ይዞ ወጣ። የሕክምና ካርዱ፣ የትኛውን መድኃኒት ለስንት ጊዜ እንደወሰደ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ቢያንስ እስከ ሰኞ የሚያደርሰው ኪኒን፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ሰው፣ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘም። ሲጠይቅ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ ሰኞ ተመለስ አሉት። ከዚያ በር አሁን ለወጣ ሰው ሰኞ ተመለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የታሰረ ወይም ዘመድ የታሰረበት ያውቀዋል፤ አልተመለሰም፣ እኔም አልፈረድኩበትም።

ሰኞ ማለዳ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ካርድ ክፍል መታወቂያ ሲጠይቁት ያለው መታወቂያ እስር ላይ ሳለ ጊዜው አልፎበታል። የቲቢ ክፍሏ ባለሙያ በትዕግሥት አነጋገረችው፤ ስንት ወር ወሰድክ ስትለው አራት ወር ይሆነኛል አላት፣ ምን ዓይነት ኪኒን ነበር ስትለው ደግሞ መጀመሪያ በቀን ሦስት ትልልቅ ኪኒን፣ በኋላ የተለየ ነው ብሎ በጣቱ መጠኑን እያሳየ ሊያስረዳት ሞከረ። ያለ ማስረጃ ልትቀጥልለት ስለማትችል አክታ እንዲመረመርና ወረቀት እንዲያመጣ ነገረችን። እነሆ 11 ቀን ያለ መድኃኒት አለ። ኢንሱሊኑን ከግል መድኃኒት ቤት ገዝተናል። ማቀዝቀዣ ስለሌለን እናቴ እርጥብ አሸዋ የሞላችበት ገንቦ ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታረጥባለች፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ልጅ አለችኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው ሲፈታ የሕክምና ማስረጃውን የመስጠት ግዴታ ያለበት ማን ነው? ከተፈታ በኋላስ እንዴት ይገኛል?


ነርስ ከሐረር፦

እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ መፈታት እንኳን ደስ ያለሽ። ለ4 ዓመት በማረሚያ ቤት ክሊኒክ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሆስፒታል ነኝ። ከውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

የሚፈታውን ሰው ቀኑን የሚቆጥረው መዝገብ ቤት ነው፣ መድኃኒቱን የሚቆጥረው ደግሞ ክሊኒኩ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ የማይነጋገሩበት ቦታ ብዙ ነው። በነፃ የተሰናበተ ወይም ዋስ የተፈቀደለት ሰው ትእዛዙ በደረሰበት ሰዓት ስለሚወጣ እኛ የምናውቀው በማግሥቱ መድኃኒት ሊወስድ ሳይመጣ ሲቀር ነው። በአዲስ ዓመትና በትልልቅ በዓላት ይቅርታ ሲደረግ ደግሞ ብዙ ሰው ባንድ ቀን ይወጣል። አመክሮ ግን እንደዚህ አይደለም። ቀኑ ቀድሞ የታወቀ፣ ፍርድ ቤትም የሚወስንበት ነገር ስለሆነ የወንድምሽን ወረቀት አስቀድሞ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ ነበር፤ ይህን የምለው በሙያ ባልደረቦቼ ላይ ለመፍረድ ሳይሆን እኔም ራሴ ያጎደልኩባቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

ቆይተን ያደረግነው ነገር ቢኖር አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር መግዛት ነው። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱትን ታራሚዎች በካርድ ቁጥር ብቻ ጻፍን፤ ሕመማቸውም ስማቸውም አልተጻፈም፣ ምክንያቱም ደብተሩ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በየሳምንቱ መጨረሻ ከሚፈቱት ጋር ያስተያይና በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግልናል። እኛም ከ2 ሳምንት በፊት ሰውየውን ጠርተን ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቃለን፣ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ የ1 ወር መድኃኒት እንሰጣለን። በጀት አልጠየቀም፣ ስብሰባም አልጠየቀም። ያ ሠራተኛ ሲዛወር ግን ደብተሩም ቆመ፤ በአንድ ሰው ፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነገር ዕድሜው ያን ያህል ነው።

ሌላም ነገር ልጨምር። ደብዳቤውን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ተፈቺው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የሚናገር ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን የሰጠነው ሰው ምን እንደያዘ ሳያውቅ አንድ ቦታ ጥሎት የቀረበትን ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ሲሰጡ በሚገባው ቋንቋ በቃል መንገር የወረቀቱ አካል ነው።

አሁን ለአንቺ፦ ቲቢ ላይ ያለ ሰው ስሙ በክሊኒኩ የቲቢ መዝገብ ላይ በቁጥር ሰፍሯል፤ የዝውውር ቅጽም አለ። ወንድምሽ ራሱ መመለስ የለበትም። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ወደ ክሊኒኩ ደውላ መዝገቡን ማስነበብ ትችላለች። ነገ ጠዋት እንድትደውል ለምኛት።


ታዛቢ ከቀፊራ፦

የእህታችን ችግር ተሰምቶኛል፣ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት። አንድም ቀን ታስራ አታውቅም፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ ትባላለች። ነፃው ሰው ያጣውን ነገር ለተፈረደበት ሰው በቅድሚያ እናሟላለት ማለት ፍትሕ ነው? ይህን የምለው በክፋት አይደለም።


ከእስር የተመለሰ፦

ወንድሜ ታዛቢ፣ ጥያቄህን በቅንነት እንዳነሣኸው ይታየኛል፤ በቅንነት ልመልስልህ። ሁለት ቦታ ታስሬ 5 ዓመት አሳልፌያለሁ።

እናትህ መድኃኒቱ አልቋል ስትባል ወጥታ ሌላ መድኃኒት ቤት ትጠይቃለች፣ አንተም ትገዛላታለህ። እኔ በአንድ ሌሊት የኩላሊት ጠጠር ሲያመኝ ክፍላችን ከተዘጋ ሰዓታት አልፈዋል። አብረውኝ ያሉት በሩን ደበደቡ። የክፍላችን ተጠሪ ለጥበቃው ተናገረ፣ ጥበቃው ለተረኛ ኃላፊ ተናገረ፣ ኃላፊው ክሊኒኩ የሚከፈተው ጠዋት ነው አለ። አንድ ሽማግሌ ታራሚ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አሙቀው ጎኔ ላይ እያደረጉልኝ ሌሊቱን አነጉኝ። እኔ ዐሥር ብር ሳይሆን ዐሥር ሺህ ብር ቢኖረኝም በዚያ ሌሊት ከዚያ በር የሚያወጣኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልኝ። ቀጠሮዬ 3 ጊዜ ደርሶ 3 ጊዜ አለፈ፤ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ብዙ በሆኑበት ቀን አጃቢውም መኪናውም ወደዚያ ይሄዳል። በአራተኛው ደረስኩ። እጄ በካቴና ታስሮ በተመላላሽ ሕመምተኞች መካከል ሳልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር። ሐኪሙ በጥሩ ሁኔታ ነው ያነጋገረኝ። ነገር ግን አጃቢው ከአጠገቤ ቆሞ ስለነበር ሽንቴ ደም እንደሚቀላቅል መናገር አፈርኩና ሳልናገር ተመለስኩ። ያልተናገርኩት ነገር ለሌላ ዓመት ሥቃይ ዳረገኝ።

ከወጣሁ በኋላ ያለው ደግሞ የእህታችን ታሪክ ነው። የነፃ ሕክምና ማስረጃ ከቀበሌ ለማግኘት መታወቂያ ያስፈልጋል፣ መታወቂያ ለማሳደስ የምኖርበትን ቤት የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል፣ የተከራየሁባቸው ሴትዮ ደግሞ ከእስር መምጣቴን ከሰሙ ያስወጡኛል ብዬ ስለምፈራ እንዲመሰክሩልኝ አልጠየቅኋቸውም። እስር ቤት ሳለሁ በየቀኑ እወስደው የነበረውን የግፊት መድኃኒት ነፃ ከወጣሁ በኋላ ለ5 ወር አቋረጥኩ። በሰውነቴ ላይ ካለፈው ነገር ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።


የሳቢያኗ እህት፦

ነርሳችን፣ ምክርዎን አንብቤ አለቀስኩ፤ ነገ ሄጄ እንዲደወል እጠይቃለሁ። ወንድሜ ከእስር የተመለሰ፣ ስለ መታወቂያው የጻፍከው እኛም ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ዛሬ ወደ ቀበሌ አብረን እንሂድ ስለው ሰው ያየኛል ብሎ እምቢ አለኝ፤ ገና አሁን ገባኝ።


የሕግ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦

ለቀረበው ጥያቄ በሕጉ በኩል ያለውን ልግለጽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና በፍርድ የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሊጎበኟቸው ከሚችሉት መካከልም ከቤተሰብና ከሕግ አማካሪ ጋር ሐኪማቸውን በስም ይጠራል። ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 12 የእያንዳንዱን ሰው የጤና መብት ያውቃል፣ የታሰረን ሰው አይነጥልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የተጻፈው ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ያጸደቀውና 27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠራው ዝቅተኛ የእስረኞች አያያዝ ደንብ ነው። ደንብ 24 እስረኛን ማከም የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን፣ ደረጃው በማኅበረሰቡ ውስጥ ካለው እንዳያንስ፣ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ፣ አገልግሎቱም ከአጠቃላይ የጤና አስተዳደር ጋር ተቀራርቦ ተደራጅቶ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ይላል፤ ኤች አይ ቪንና ቲቢን ለይቶ ይጠቅሳል። ደንብ 27 የሕክምና ውሳኔ የጤና ባለሙያው እንጂ የጥበቃ ሠራተኛው እንዳልሆነ፣ ደንብ 31 ምርመራ በሚስጥር እንዲካሄድ ያዛሉ። ከእስር የተመለሰው ወንድማችን አጃቢ ቆሞበት ሳይናገር የቀረው ነገር በቀጥታ የደንብ 31 ጉዳይ ነው። ይህ ደንብ እንደ ስምምነት አስገዳጅ ባይሆንም የሕገ መንግሥቱን ሰብአዊ ክብር የሚለውን ቃል ለመተርጎም ፍርድ ቤት ሊጠቀምበት ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ የእኔ አቋም ነው።

ለታዛቢ፦ ሕጉ ለታሰረው ቅድሚያ ይሰጠው አላለም፣ ከውጭ ካለው አይነስ ነው ያለው። በር የቆለፈ አካል፣ ሰውየው በራሱ ወጥቶ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ነገር የማቅረብ ግዴታ ከቁልፉ ጋር አብሮ ይይዛል። ለእናትህ መድኃኒት የመጠየቅ መብትህን ይህ አይቀንሰውም።

በሥራዬ ላይ የማየውን አንድ ክፍተት ልጠቁም፤ ብዙ ሰው ስለ ማረሚያ ቤት ሲያወራ ፖሊስ ጣቢያን ይዘነጋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ጣቢያ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሊኒክ የለም። ደንበኛዬ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቤት ቀርቶ በሁለተኛው ሌሊት ወድቆ ጥርሱ ተሰብሯል። ዘመድ የታሰረበት ሰው ስንቅ ከማቀበሉ በፊት መድኃኒቱንና የሐኪም ማዘዣውን ያቀብል፤ ለተረኛው መርማሪም በጽሑፍ ያሳውቅ። በደል ሲደርስም ማረሚያ ቤቶችን የመከታተል ሥልጣን ወዳለው ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል።


ታዛቢ ከቀፊራ፦

ማብራሪያው አርክቶኛል፤ ቢያንስ ቅድሚያ ይሰጠው የሚለውን ቃሌን አንሥቻለሁ። የ1 ወር መድኃኒት ሰጥቶ ማሰናበት ግን በማን በጀት ነው? የማረሚያ ቤቱ፣ የጤና ቢሮው ወይስ የቀበሌው?


የቲቢ ክፍል ባለሙያ፦

እኔ የምሠራው ድሬዳዋ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ስለ በጀት ለተጠየቀው መልሱ እንደ በሽታው ይለያያል። የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ሰውየው ሲሻገር ወረቀቱ እንጂ ገንዘቡ አይጎድልም። ችግሩ የሚጸናው በስኳር፣ በግፊት፣ በሚጥል በሽታና በአእምሮ ሕመም ላይ ነው፤ እነዚህ በኪስ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢኖርም አባልነቱ በቤተሰብ ነው፣ ምዝገባውም በዓመቱ በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ በመሐል የተፈታ ሰው ወቅቱን ይጠብቃል። የስኳር ሕመም ግን ወቅት አይጠብቅም። ለተፈቺዎች በማንኛውም ወር ምዝገባ ቢከፈትላቸው በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው ብዬ አስባለሁ።

እህቴ፣ ስለ ወንድምሽ፦ የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ፣ ቀጣዩ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ትልልቅ ነው ያለውና በኋላ ተለወጠ ያለው ይህንኑ ነው፣ ስለዚህ ቃሉ ትክክል ነው። ሽንቱ ብርቱካናማ ይሆን እንደነበር ጠይቂው፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት እንደዚያ ያደርጋል፣ ሰዎችም ደም መስሏቸው ይደነግጣሉ። ተከታታይ 2 ወር ያቋረጠ ሰው ከክትትል እንደጠፋ ተቆጥሮ ነገሩ ይከብዳል፤ ከ1 ወር በታች ያቋረጠ ግን መቀጠል የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። በየቀኑ የሚባክነው ቀን ግን መድኃኒቱን ለሚለማመድ ቲቢ ዕድል ይሰጣል። የስኳር ሕመም ራሱ ሰውን ለቲቢ የበለጠ ያጋልጣል፣ ስኳሩ ካልተስተካከለም ቲቢው በደንብ አይድንም፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አስመርምሩት። ልጅሽንም ይዘሽ ነይ፤ በቤት ውስጥ አብረው የኖሩ ሕፃናት ተመርምረው የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

ስለ ተፈቱ ሰዎች በሌላ አገር የተጠናም አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የተፈቱ ከ30,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የነበረባቸው የሞት አደጋ ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። እዚያ ዋናው ምክንያት አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ መውሰድ ስለነበር ቁጥሩን ወደ እኛ መገልበጥ አይቻልም፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ግን እኛም ዘንድ ሰው ከእጃችን የሚያመልጥባቸው ናቸው። ኖርዌይ በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994 እ.ኤ.አ. የእስረኞችን ሕክምና ከማረሚያ ቤት አስተዳደር አውጥተው ለጤናው ዘርፍ ሰጥተዋል። ካርዱ ውስጥም ውጭም የአንድ መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚዘዋወር ወረቀት ራሱ አያስፈልግም ነበር።

ግድግዳ በሽታን እንደማያቆመው እኛ ድሬዎች ልንጠራጠር አይገባም። በ2014 በበጋ የተነሣው ወባ የመጣው በቤት የውኃ ማጠራቀሚያ በሚራባው አኖፌለስ ስቴፌንሲ በተባለው ትንኝ ነው፤ በበርሜል ውኃ የሚያጠራቅም ግቢ ሁሉ፣ የታሰረበትም ያልታሰረበትም፣ ለትንኟ እኩል ነው። ጥበቃው ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጠያቂውም እንዲሁ።


ነርስ ከሐረር፦

ባልደረባዬ ባሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከእናታቸው ጋር ማረሚያ ቤት የሚኖሩ ሕፃናት የክትባት ካርድም ከእናቲቱ ጋር መውጣት አለበት። ካርዱ ክሊኒክ ቀርቶ ክትባቱን ከመጀመሪያው የጀመረ ሕፃን አጋጥሞኛል።


የሳቢያኗ እህት፦

ያለውን ላሳውቃችሁ። ባለሙያዋ ጤና ጣቢያ ሆና ፊቴ ደወለች። ሁለት ጊዜ አልተነሣም፣ በሦስተኛው ተነሣ። መዝገቡ ተነበበላት፦ የመጀመሪያውን 2 ወር ጨርሷል፣ አክታው ነጽቷል፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ 2 ወር ከ10 ቀን ወስዷል። ወንድሜ አራት ወር ይሆነኛል ያለው እውነት ነበር። ወረቀቱ በማግሥቱ ማኅተም ተደርጎበት መጣ፣ ግማሽ ገጽ ነው። በ13ኛው ቀን መድኃኒቱን ጀመረ። ልጄም ተመርምራ የመከላከያውን ጀምራለች፤ ጣዕሙን ስለማትወደው እናቴ በሙዝ ቀብራ ትሰጣታለች።

የስኳሩ ነገር አልተፈታም። ኢንሱሊኑን አሁንም እንገዛለን። ለመታወቂያው ከብዙ ልመና በኋላ ቀበሌ አብሮኝ ሄደ፤ የተቀበሉን ሠራተኛ የመፈቻ ወረቀቱን አይተው ምንም ሳይሉ መዝግበውታል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ሲወጣ፣ ምንም አላሉኝም እኮ፣ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገመው።

ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል የነበሩ የሚጥል በሽታ ያለባቸው አንድ አባት በሚቀጥለው ወር በአመክሮ ይፈታሉ። ነርሳችን የጻፉትን፣ ማለትም ደብዳቤ፣ የ1 ወር መድኃኒት፣ የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ስም፣ በሚገባቸው ቋንቋ የቃል ማብራሪያ የሚለውን በእጄ ገልብጬ ለልጃቸው ሰጥቻታለሁ። እሑድ ስንቅ ስታደርስ ለክሊኒኩ ባለሙያ ታሳያለች። አባትየው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ከጀርባው በኦሮምኛ የሚጽፍልን ሰው ካለ እስከ ቅዳሜ ብትነግሩኝ።